ከደጀን ወደ ዓባይ ስትወርድ መኪናው ቢበላሽ ምን ታደርጋለህ? ለጭነት መኪና ሾፌሮች የአሠራር መመሪያ

ስልኬ ገና ሳይነጋ ከጮኸ ጥያቄውን ሳላነሳው አውቀዋለሁ። "ጋሼ፣ ደጀን ደርሻለሁ። ፍሬኑ ትንሽ ለስለስ ብሏል፤ ልውረድ ወይስ ልቁም?" ሌላው ደግሞ የአየር መለኪያው እየወረደ እንዳስቸገረው፣ አንዱ የፊት መብራት እንደጠፋ፣ ከኋላ ጎማ የተቃጠለ ነገር እንደሚሸት ይነግረኛል። ከደብረ ማርቆስ፣ ከቢቸና፣ ከሞጣ እህል ጭነው አዲስ አበባ የሚወርዱ ወጣት ሾፌሮች ናቸው። በስልክ እየተቆራረጠ ግማሹን ብቻ ከምነግራቸው ሁሉንም በተራው ጽፌዋለሁ። የሚጠቅምህ ግን ደጀን ደርሰህ ሳይሆን ከቤት ሳትወጣ ካነበብከው ነው።

ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ዳገት ነው። ከደጀን አፋፍ እስከ ወንዙ ድረስ ወደ 1,400 ሜትር ትወርዳለህ፤ በአማካይ በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ማለት ነው። ከነጭነቱ 10 ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት በሙሉ ወደ ሙቀት ቢቀየር ሁለት በርሜል ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። ይህ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ሞተሩ ካልተሸከመው የፍሬን ሸራውና ታምቡሩ (ሸራው እያሻሸ የሚያቆመው፣ ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት) ይሸከሙታል፤ እነሱ ደግሞ አይችሉትም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

መመሪያው በዘይት ፍሬን ለሚሠሩት እንደ አይሱዙ ኤን ፒ አር ላሉትም፣ በአየር ፍሬን ለሚሠሩት ትልልቅ መኪኖችም ይሆናል። የሚለያዩበት ቦታ ላይ ለይቼ እጽፋለሁ።

ከመነሣትህ በፊት መኪናው ላይ መኖር ያለበት

• ሁለት የእንጨት ታኮ። ድንጋይ መንገድ ላይ አገኛለሁ ብለህ አትሂድ፤ ስትፈልገው አይገኝም፣ ሲገኝም ይንሸራተታል።
• ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት። ዓይነቱ በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ተጽፏል፤ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ነው። ተከፍቶ የከረመ አትያዝ፤ ከአየር እርጥበት ይጠጣል።
• 20 ሊትር ውኃ። ለራዲያተር ነው፤ ለጎማ አይደለም።
• ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ በልኩ የተነፋ ቅያሪ ጎማ።
• ትርፍ ቺንጋ፣ ፊውዝ፣ የፊትና የኋላ አምፖል፣ ፒንሳ፣ መፍቻዎች፣ ሽቦ።
• ሁለት አንፀባራቂ ሦስት ማዕዘን፣ የእጅ ባትሪ፣ የዱቄት እሳት ማጥፊያ።
• ደብተርና እስክሪብቶ።
• እንቅልፉን የጠገበ ረዳት። ይህን ከዕቃ ጋር የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ቁልቁለቱ ላይ የኋላ ጎማ የሚያይልህ፣ የሚያሸትልህና ታኮ ይዞ የሚወርድልህ እሱ ነው።

1. ምርመራውን ከየትኖራ ጀምር

ከደብረ ማርቆስ ስትመጣ ሉማሜን አልፈህ የትኖራ አካባቢ መንገዱ ሜዳ ነው። ከኋላህ መኪና አለመኖሩን አይተህ ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ጠበቅ አድርገህ ርገጥ። መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል? ፔዳሉ ከወትሮው ጠልቆ ይሄዳል? ከኋላ የብረት ጩኸት ይሰማል? ከዚያ ቁምና ረዳትህ በየታምቡሩ አጠገብ የእጁን ጀርባ ያስጠጋ፤ አይንካው። አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ የሚሞቅ ከሆነ ያ ፍሬን ሳትረግጠው ይዟል ማለት ነው።

ይህን እዚያ የምታደርገው አማራጭ ስላለህ ነው። ከየትኖራ ወደ ደብረ ማርቆስ ጋራዥ መመለስ ይቻላል። አፋፉን ካለፍክ በኋላ ግን ለመዞር ቦታ የለም፤ ሰውም አያዞርህም።

2. ደጀን ላይ ቁመህ 15 ደቂቃ ስጥ

ሜዳ ቦታ ምረጥ፤ ታኮ አግባ፤ ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ሂድ።

ሀ. የዘይት ፍሬን። ሞተሩን አጥፋና ፔዳሉ እስኪጠነክር አምስት ስድስት ጊዜ ርገጥ። አሁን ረግጠህ እንደያዝክ ሞተሩን አስነሣ። ፔዳሉ ከእግርህ ሥር ትንሽ ዝቅ ካለ የፍሬን አጋዡ ይሠራል፤ ካላለ አይሠራም። ከዚያ ለአንድ ደቂቃ ጥብቅ አድርገህ ያዝ። ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ከሰመጠ ዘይት የሚያመልጥበት ቦታ አለ። ከየጎማው ውስጠኛ ጎን እርጥበት ፈልግ። በርግጫ ብዛት የሚጠነክር፣ ሲረገጥም እንደ ስፖንጅ የሚለጠጥ ፔዳል መስመሩ ውስጥ አየር መግባቱን ይነግርሃል።

ለ. የአየር ፍሬን። አየሩ ሙሉ እስኪሆን ጠብቅ፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ፍሬኑን ረግጠህ ለአንድ ደቂቃ ያዝና መለኪያውን ተመልከት። ከ0.3 ባር በላይ ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ። ቱቦዎቹን በጆሮህ ተከታተል፤ የሳሙና ውኃ ብትቀባ አረፋው ያሳይሃል። ከዚያ ቁልፉን ክፈትና ሞተሩን ሳታስነሣ ፔዳሉን እየደጋገምክ በመርገጥ አየሩን አውርደው፤ 4 ባር አካባቢ ሲደርስ ማስጠንቀቂያው መጮህ ወይም መብራት አለበት። ማስጠንቀቂያው የማይሠራ መኪና አየሩ ሲያልቅ አይነግርህም። የአየር ጋኖቹንም ከሥር ከፍተህ ውኃውን አፍስስ። ጋን ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ የአየሩን ቦታ ይወስዳል፤ ለተከታታይ ርግጫ የሚበቃ አየር አይኖርህም።

ሐ. የጭስ ማውጫ ፍሬን (የሞተሩን ጭስ አፍኖ መኪናውን የሚይዘው)። አብራውና ነዳጅ ሰጥተህ ልቀቅ። ድምፁ መታፈን አለበት። ካልታፈነ ቁልቁለቱን የሚያቀልልህ አንዱ ረዳት የለም ማለት ነው።

መ. ጎማ፣ ጭነትና መብራት። በጥንድ የኋላ ጎማዎች መካከል የተሰነቀረ ድንጋይ አለ? ጭነቱ በሊብሬው ላይ ከተጻፈው አይበልጥም? ገመዱ አልላላም? ዓባይ በረሃ ውስጥ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ብዙ ቦታ ሞገድ ሠርቷል። የላላ ጭነት በእያንዳንዱ ሞገድ ላይ ወደ ፊት ይገፋል፤ የሚገፋውም አንተን ነው።

3. ያገኘኸውን ጉድለት ከሦስቱ በአንዱ መድበው

"ልውረድ ወይስ ልቁም?" የሚለው ጥያቄ መልስ እዚህ ነው። ሁልጊዜ "እንደ ሁኔታው" እያልክ ከራስህ ጋር ከተከራከርክ ሁኔታው ያሸንፍሃል፤ ባለ ጭነቱ እየደወለ ነው፣ ቀኑ እየመሸ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን አስቀድመህ ያዝ።

አትንቀሳቀስ፦ ፔዳሉ ይሰምጣል። የፍሬን ዘይት ይፈሳል። የአየር መለኪያው አይሞላም ወይም ቆመህ ይወርዳል። የፍሬን አጋዡ አይሠራም። መሪው ይላወሳል። ማርሹ በራሱ ይወጣል። የፊት ጎማው ላስቲክ አልቆ የውስጡ ሸራ ይታያል። የአየር ማስጠንቀቂያው አይሠራም። ከእነዚህ አንዱም ቢሆን በቀስታ ነድቼ እወጣዋለሁ የሚባል አይደለም። ቀስ ብሎ መንዳት የሚጠቅመው ስትፈልግ መቆም የምትችል ከሆነ ነው።

በገደብ ሂድ፦ የጭስ ማውጫ ፍሬኑ አይሠራም። አንዱ የፊት መብራት ወይም ፍሬቻ ጠፍቷል። ቅያሪ ጎማው ፈንድቷል። የእጅ ፍሬኑ በደንብ አይዝም። ራዲያተሩ ትንሽ ውኃ ይቀንሳል። መኪናው ይሄዳል፤ ነገር ግን እንደ ጤነኛ መኪና አይሄድም።

መዝግበህ ቀጥል፦ የጎን መስኮት አይዘጋም፣ ሬዲዮ፣ የካቢን መብራት፣ የመቀመጫ ሞላ የመሳሰሉት።

4. ገደቡን በቁጥር ጻፈው

"ተጠንቅቄ እወርዳለሁ" ገደብ አይደለም። ገደብ ማለት ማርሽ፣ ፍጥነት፣ ሰዓት ወይም ክብደት ነው። ደብተሩ ላይ ጻፈው፤ ረዳትህም ይስማው፤ ስትረሳው እንዲያስታውስህ ፈቃድ ስጠው።

የጭስ ማውጫ ፍሬን የሌለው፦ ከለመድከው አንድ ማርሽ ዝቅ በል፤ በ3ኛ የምትወርደውን በ2ኛ ውረድ። አንዱን ድጋፍ ስታጣ ሌላውን ማብዛት አለብህ፤ የሚበዛው ደግሞ የሞተሩ መያዝ እንጂ የእግርህ ርግጫ መሆን የለበትም።

መብራት የጎደለው፦ በቀን ብቻ። ፀሐይ ከመግባቷ 2 ሰዓት በፊት ደጀንን ካልለቀቅክ እዚያው እደር። ቁልቁለቱም ዳገቱም ቀስ ተብሎ ስለሚሄድ፣ መሀል ላይ ብትቆም ጨለማው ከመኪናው ጋር ያገኝሃል።

የእጅ ፍሬን የማይዝ፦ ረዳቱ ታኮውን በእጁ ይዞ ይቀመጣል፤ ካቢን ውስጥ፣ ከኋላ ጭነት ላይ አይደለም።

መንገዱ ራሱ የሚጥልብህ ገደብም አለ። በሐምሌና በነሐሴ ጉም አፋፉን ይሸፍነዋል፤ አንዳንዴም ናዳ መንገድ ይዘጋል። ጉሙ ውስጥ የፊትህን ኩርባ ካላየህ አትውረድ፤ ብዙ ጊዜ ረፋዱ ላይ ይገፈፋል። ትራፊክ ፖሊስ ካቆመህም ከሰልፉ ወጥተህ በጎን ለማለፍ አትሞክር። የተዘጋ መንገድ ላይ የሚገናኙት ከላይ የሚወርደውና ከታች የሚወጣው ናቸው፤ ለመመለስ የሚቸገረው ደግሞ ቁልቁል የቆመው ነው።

5. ማርሹን አፋፉ ላይ ሳትደርስ ያዝ

የቆየው የሾፌሮች ደንብ "በወጣህበት ማርሽ ውረድ" ነው፤ ዛሬም ይሠራል። ጭነህ ከወንዙ ወደ ደጀን በ2ኛ የምትወጣ ከሆነ በ2ኛ ውረድ። ማርሹን መያዝ ያለብህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው። መኪናው ከፈጠነ በኋላ ማርሽ ለመቀነስ ፍሪሲዮን ስትረግጥ፣ ወጥቶ የነበረው ማርሽ አልገባም ሊልህ ይችላል። ያኔ በፎሌ፣ ያለ ማርሽ፣ ቀረህ ማለት ነው፤ ቁልቁለት ላይ ከዚህ የከፋ ቦታ የለም።

ረዳት በነበርኩበት ጊዜ ያየሁትን ልንገርህ። ሾፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ ለቀቀው። ኩራርን ስናልፍ የሚሸት ነገር ገባኝ፤ እንደ ተቃጠለ ላስቲክ ያለ፣ ጉሮሮ የሚይዝ። ልናገር አፌን ስከፍት ፔዳሉ ወለሉን ነካ። ማርሽ ሊያስገባ ሞከረ፤ ጥርሶቹ ተንጫጩ እንጂ አልገባም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተራራው በእኛ በኩል ነበርና ጎኑን እያሻሸ የውኃ መውረጃው ቦይ ውስጥ ጣለው። መስታወቱ ሄደ፣ የካሶኒው ጎን ተቀደደ፣ ጤፉ ፈሰሰ፤ እኛ ተረፍን። ስወርድ ካፊያ ነበር። ጠብታው በግራ የኋላ ታምቡር ላይ ሲያርፍ "ቺስ" ይል ነበር። እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ነዳጅም አላተረፈም። ማርሽ ውስጥ ሆኖ፣ እግርህ ከነዳጅ መስጫው ተነሥቶ የሚወርድ የናፍጣ ሞተር የሚጠጣው ከምንም አይቆጠርም፤ የሚያሽከረክረው ቁልቁለቱ ነው። በፎሌ የሚሄደው ግን ላለመጥፋት ነዳጅ ይጠጣል።

6. ርገጥ፣ ልቀቅ፤ ርገጥ፣ ልቀቅ

በ30 ለመውረድ ወሰንክ እንበል። መለኪያው 30 ሲደርስ ጠበቅ አድርገህ ርገጥ፤ ወደ 20 ሲወርድ ሙሉ በሙሉ ልቀቅ። ተመልሶ 30 እስኪደርስ አትንካው። በየመሀሉ ባለው ጊዜ ንፋስ ታምቡሩን ያቀዘቅዘዋል።

ብዙዎች የሚያደርጉት ግን ተቃራኒውን ነው፤ ፔዳሉን ለስለስ አድርገው ለረጅም ጊዜ ይይዛሉ። እንደ ጥንቃቄ ይመስላቸዋል። ሸራው ግን ታምቡሩን እያሻሸ ዕረፍት የለውም። ታምቡሩ ሲሞቅ ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም ሲሞቅ መያዙ ይቀንሳል። ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ሲያልፍ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። አዲስ ዶት 3 የፍሬን ዘይት የሚፈላው በ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ እርጥበት የጠጣው ግን ወደ 140 አካባቢ ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። የረገጥከው ኃይል ጎማው ጋ ሳይደርስ እንፋሎቱን ሲጨምቅ ይቀራል። "ደህና የነበረ ፍሬን በድንገት ከዳኝ" የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። የፍሬን ዘይት በየ2 ዓመቱ ይቀየር የሚባለውም ለዚህ ነው።

የአየር ፍሬን ሲሆን እግርህን እያነሣህ እየጣልክ አታርገብግበው። እያንዳንዱ ርግጫ አየር ይወስዳል፤ ኮምፕረሰሩ እስኪመልስ ጊዜ ይፈልጋል። ጥቂት ግን ጠበቅ ያሉ ርግጫዎች ይሻላሉ።

7. መኪናው የሚነግርህን ስማ

በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ረዳትህ በመስታወቱ የኋላ ጎማዎቹን ይይ። ከጎማ የሚወጣ ጭስ፣ የተቃጠለ ሸራ ሽታ፣ ከበፊቱ ጠልቆ የሚይዝ ፔዳል፣ ለተመሳሳይ ፍጥነት የበለጠ መርገጥ፤ ከእነዚህ አንዱን ካየህ ለማቆም አሁን ወስን። ፔዳሉ እስኪጠፋ የሚጠብቅ ሰው ማቆሚያውን አብሮ ያጣል። ሰፋ ያለና ጠፍጣፋ ቦታ ፈልገህ፣ በተራራው በኩል፣ ኩርባ ሳይሆን ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ቁም።

ጎማ ቢፈነዳ፦ በድንገት ፍሬን አትርገጥ። መሪውን በሁለት እጅህ አጥብቀህ ቀጥ አድርግ፤ ሞተሩ ያብርደው፤ ቀስ ብለህ ዳር ያዝ። ጥንድ ከሆነው የኋላ ጎማ አንዱ ፈንድቶም እንኳ አትቀጥል፤ የቀረው የሁለቱን ሸክም ተሸክሞ ከሞቀው ታምቡር አጠገብ ነው።

የአየር ማስጠንቀቂያው ቢጮህ፦ ወዲያው ቁም። አየሩ ከዚያ በታች ከወረደ በአብዛኞቹ መኪኖች የኋላ ፍሬን በሞላ (ስፕሪንግ) ኃይል በራሱ ይይዛል፤ የሚይዘው አንተ በመረጥከው ቦታ ሳይሆን አየሩ ባለቀበት ነው፤ ኩርባ መሀል ሊሆን ይችላል። ከያዘ በኋላ አየር ሳይሞላ አይለቅም። ማስጠንቀቂያ፦ አንተም ረዳትህም የኋላውን ክብ የፍሬን ጣሳ ለመፍታት አትሞክሩ። ውስጡ የታመቀው ሞላ ከተፈናጠረ ሰው ይገድላል።

8. ፍሬኑ ጨርሶ ከጠፋ

ይህን ማንም እንዲያስፈልገው አልመኝም። ነገር ግን የምታስብበት ጊዜ ስለማይኖርህ አሁን በቃልህ ያዘው።

• ማርሹን አታውጣ፤ ፍሪሲዮን አትርገጥ። የቀረህ መያዣ እሱ ነው።
• የዘይት ፍሬን ከሆነ ፔዳሉን በፍጥነት ደጋግመህ ርገጥ። አንዳንዴ ጥቂት ግፊት ይመለሳል።
• የጭስ ማውጫ ፍሬኑን አብራ።
• ሞተሩን አታጥፋ። ከጠፋ መሪው ይከብዳል፣ የፍሬን አጋዡም ከሁለት ሦስት ርግጫ በኋላ ያልቃል። ቁልፉን ካወጣህ መሪው ሊቆለፍ ይችላል።
• ክላክስ ያዝ፣ መብራት አብራ፤ የፊቶቹ ይሽሹልህ።
• የእጅ ፍሬንን በአንድ ጊዜ ጎትተህ አትጨርሰው። በብዙ ኤን ፒ አር ላይ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ነው፤ በፍጥነት ላይ ከያዝከው ይቃጠላል ወይም ዘንጉን ይሰብራል። ፍጥነቱ ከቀነሰ በኋላ ቀስ በቀስ።
• ፍጥነቱ ሳይጨምር ተራራውን ፈልግ። በጎንህ ያለውን የተቆረጠ ግድግዳ በጠባብ ማዕዘን እያሻሸህ ወደ ቦዩ ግባ። ተራራው በግራህ ከሆነ ከፊትህ የሚመጣ አለመኖሩን አይተህ ነው። በየኩርባው ተራራውና ገደሉ ጎን ይቀያየራሉ፤ ስለዚህ በምትነዳበት ጊዜ ሁሉ "አሁን ቢከዳኝ ወዴት?" ብለህ ራስህን ጠይቅ።

መኪናውም ጭነቱም ይተካል። ገደሉን ለመራቅ የካሶኒውን ጎን ለመስጠት አትሳሳ።

9. ከቆምክ በኋላ

መጀመሪያ ረዳቱ ወርዶ ታኮ ያግባ፤ አንተ እስከዚያ እግርህን ከፔዳሉ አታንሣ። ቁልቁል ከቆምክ ታኮው ከጎማው ፊት ነው፤ ሞተሩን አጥፍተህ የኋላ ማርሽ አስገባ፤ መሪውን ወደ ተራራው አዙር። የእጅ ፍሬን ብቻውን አይበቃም።

በተለይ ጎማ ልትቀይር ከሆነ ይህን አስተውል። የእጅ ፍሬኑ ዘንጉን በሚይዝ መኪና ላይ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ስታነሣው የተነሣው ጎማ ነፃ ሆኖ ይዞራል፤ በዲፈረንሻሉ በኩል መሬት የያዘውም ይለቀቃል። መኪናው ከክሪኩ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ መሬት ለያዙት ጎማዎች ታኮ ሳታገባ ክሪክ አታንሣ፤ ከሥርም አትግባ።

ሦስት ማዕዘኑን ከኩርባው ወዲያ፣ የሚመጣው ሾፌር ሳያይህ በፊት እንዲያየው አድርገህ አኑር። ከሌለህ የለመድነው የቅጠል ቅርንጫፍ ይሠራል፤ ግን በማታ አያንፀባርቅምና በሱ ብቻ አትመን።

የጋለ ታምቡር ላይ ውኃ አትድፋ። በድንገት የሚቀዘቅዝ ብረት ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁን ዛሬ አታየውም፣ በሚቀጥለው ቁልቁለት ይሰበራል። ጎማው እሳት ከያዘ ግን ሌላ ነው፤ ዱቄቱን ንፋበት፣ ውኃም ካለህ ሳትቆጥብ ድፋ፤ ሰዉን ከጎማው ጎን አርቅ፣ ሊፈነዳ ይችላል።

ለማቀዝቀዝ ቢያንስ 45 ደቂቃ ስጠው። በረሃው ውስጥ ወደ ታች በወረድክ ቁጥር አየሩ ራሱ ስለሚሞቅ አይቸኩልልህም። ዝንጀሮዎቹ ይመጣሉ፤ ምግብ አትወርውርላቸው፤ መንገድ መሀል ይሰበሰቡና ቀጣዩ መኪና በድንገት ፍሬን ይረግጣል። ታምቡሩ አጠገብ እጅህን አስጠግተህ መቆየት ከቻልክ ፔዳሉን እንደ ደጀኑ ፈትን። ጠንካራ ከሆነ በ1ኛ ማርሽ እስከ ወንዙ ውረድ፤ ካልሆነ ጎታች ወይም መካኒክ ጥራ። የማይሠራ ፍሬን ያለውን መኪና በገመድ አስጎትተህ ቁልቁል አትውረድ፤ የፊተኛውንም ይዘህ ትሄዳለህ።

ስትነሣ ለታኮ የተጠቀምክበትን ድንጋይና ቅርንጫፍ ከአስፋልቱ አንሣ። የአንተን መኪና ያዳነ ድንጋይ ማታ የሚመጣውን ይገለብጣል።

10. ድልድዩና ዳገቱ

ድልድዩ ላይ አትቁም፤ ጥበቃ አለው፣ መቆምም አይፈቀድም። ለማረፍም ለማየትም ከድልድዩ በፊት ወይም በኋላ፣ ከተፈቀደው ቦታ።

ከወንዙ ወደ ፍልቅልቅና ጎሐ ጽዮን ስትወጣ ችግሩ ከፍሬን ወደ ራዲያተር ይዛወራል። የሙቀት መለኪያው መውጣት ከጀመረ ማርሽ ቀንስና የሞተሩን ዙር ጨምር፤ ፖምፓውና ማራገቢያው ከሞተሩ ጋር ስለሚዞሩ ብዙ ውኃና ብዙ ንፋስ ይመጣል። በከፍተኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣ ሞተር በቶሎ ይፈላል። መለኪያው ቀይ ከነካ ዳር ይዘህ ቁም፤ ሞተሩን ወዲያው ሳታጠፋ ነዳጅ መስጫውን ሳትረግጥ ጥቂት ደቂቃ ይዙር፤ ውኃው ከፈሰሰ ወይም ቺንጋው ከተበጠሰ ግን ወዲያው አጥፋ። ክዳኑን በሙቁ አትክፈት። ያየሁት የተቃጠለ ፊትና እጅ ሁሉ ግማሽ ሰዓት መታገሥ ካልቻለ ሰው ነው። ሲበርድ በጨርቅ ይዘህ በግማሽ አዙር፣ እንፋሎቱ ይውጣ፣ ከዚያ ክፈት። ውኃውን ሞተሩ እየሠራ ቀስ ብለህ ጨምር።

11. ለጋራዡና ለተረኛው ሾፌር ጻፍ

ጎሐ ጽዮን ላይ ወጥተህ ሻይ ስትጠጣ ደብተሩን አውጣ። የትኛው ጎማ ሞቀ፤ ከአፋፉ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ፤ በስንተኛ ማርሽ ነበርክ፤ ጭነቱ ስንት ኩንታል፤ ፔዳሉ ሰመጠ ወይስ ጠነከረ፤ ስንት ሰዓት ቆመህ አቀዘቀዝክ። "ፍሬኑ ያስቸግራል" የተባለ መካኒክ ዘይት ጨምሮ ይመልስልሃል። "የግራ የኋላ ታምቡር ሜዳ ላይም ሳልረግጥ ይሞቃል" የተባለው ግን ሞላውንና የጎማውን ፍሬን ፒስተን ይፈታል።

መኪናውን ሌላ ሾፌር የሚረከብህ ከሆነ ቁልፉን ከመስጠትህ በፊት ያንን ገጽ አንብብለት፤ የጣልከውን ገደብም በቁጥሩ ንገረው። "የጭስ ማውጫ ፍሬኑ አልተሠራም፤ ከደጀን ስትወርድ በ2ኛ፣ ከ25 በታች፣ በቀን ብቻ።" መልሶ እንዲነግርህ አድርግ።